በ1969 ሞዴል ኮምቢ ከነቤተሰብ አባይ በረሃን ወርዶ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ባህር ዳር፤ ይቻላል?

የማርቆሷ

ሰላም ለሁላችሁ። አባይ በረሃን የምትመላለሱ ሹፌሮችና የድሮ ቮልስዋገን የምታውቁ መካኒኮች ብታዩልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ያስተምር በነበረ ጊዜ የገዛው ኮምቢ አለን። በፈረንጆቹ የ1969 ሞዴል ነው፣ ሞተሩ 1600። የኋላው ወንበር ወጥቶ አልጋ ተሰርቶለታል፤ ከአልጋው ስር የብርድ ልብስና የድስት ሳጥን አለ፣ በሚንሸራተተው በር በኩል ደግሞ ቡና የምናፈላበት ታጣፊ ጠረጴዛ። እኔ ራሴ በእናቴ እቅፍ ሆኜ ከማርቆስ አዲስ አበባ የገባሁት በዚህ መኪና ነው። ዛሬም ይሄዳል። ቦሎ በየዓመቱ ያልፋል፣ ከሳሪስ ፒያሳ ያለ ችግር ይመላለሳል። ከፍቼ ወዲያ ግን ከተሻገረ ዘመን አልፎታል።

አሁን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስድስት ሆነን ለመሄድ አስበናል፦ እኔና ባለቤቴ፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን፣ እናቴና አባቴ። ማርቆስ ዘመድ እንጠይቃለን፣ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል እናያለን፣ ከዚያ ባህር ዳር ሁለት ቀን አርፈን እንመለሳለን። አባቴ ዓይኑን ስለሚያመው መንዳት ትቷል። የሚነዳው ባለቤቴ ነው። ረጋ ያለ ሹፌር ነው፣ ግን አባይን በራሱ እጅ ወርዶ አያውቅም።

ቤት ውስጥ የተጨቃጨቅንበት ነገር አለ። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች «ቁልቁለቱን በፎሌ ልቀቀው፣ ቤንዚን ትቆጥባለህ፣ ሞተሩም ያርፋል» ብለውታል፤ ማርሽ ሳይገባ ማለታቸው ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ምግቡን ትቶ ተነሳ። ሁለቱንም ስለማከብር ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። ደግሞ አባቴ «ጠዋት ተነስቶ ማታ ማርቆስ ነው፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር» ይላል፤ ከሁለት ሽማግሌና ከሁለት ልጅ ጋር እሱስ ይሆናል? ስንመለስ በሞጣ በኩል ብንመጣስ? እንጅባራ ላይ መኪናው ውስጥ ብናድር ብርዱ እንዴት ነው?

መኪና ተከራዩ የሚል ምክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። እናቴ ግን መሄድ የፈለገችው በዚሁ ነው፣ እኔም እንደዚያው።

ናቲ ሃይሩፍ

እህቴ፣ አውቃለሁ ብትዪም እኔ እላለሁ። በዚህ መስመር ሰው እየጫንኩ ነው የምኖረው። ተሳቢ መኪና ፊትሽ ቆሞ፣ ሌላው ከኋላሽ ጥሩምባ እየነፋ፣ አምሳ ዓመት ባለፈው መኪና ከአባይ መውጣት ለሹፌሩ ከባድ ነው። እናትሽን ማስደሰት ከሆነ ኮምቢውን ደብረ ሊባኖስ ድረስ ይዛችሁት ሂዱ፣ ጸበል ጠጥተው ይመለሱ። ለጎጃሙ ግን አንድ ደህና ሚኒባስ ያዙ። ክፉ ነገር ከምሰማ ብዬ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ ከመነሳታችሁ በፊትም፣ በየከተማውም፣ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አትንዱ።

የደጀን ልጅ

እህቴ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደጀን ነው፣ የጋራዥ ሥራም የለመድኩት እዚያው ነው። ከአባይ እየጨሱ የሚወጡ መኪኖች መጀመሪያ የሚያርፉት እኛ ደጅ ነው። ናቲ ያለው ከቅን ልብ ነው፣ ስለ ጸጥታውና ስለ ማታው ያለውም ልክ ነው። ኮምቢው ግን ይሄዳል፤ ከተዘጋጀና በራሱ አቅም ከተነዳ።

በመጀመሪያ የፎሌውን ነገር እንጨርስ፤ አባትሽ ትክክል ናቸው። ከጎሃ ጽዮን ጫፍ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን ድረስ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ግማሹ መውረጃ፣ ግማሹ መውጫ ነው። ስድስት ሰውና ጓዝ የጫነ ኮምቢ ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። በፎሌ ከለቀቃችሁት ያንን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። የ1969 ኮምቢ ደግሞ አራቱም እግሩ የታምቡር ፍሬን ነው፤ የፊት ዲስክ የመጣለት በኋላ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከውስጥ ከሚይዘው ሸራ ይርቃል፣ ሸራውም ሲግል መያዝ ይተዋል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ውሃ ስለሚስብ ይፈላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ነክቶ መኪናው አይቆምም። ይህ የሚሆነው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሳይሆን ሹፌሩ «ለመድኩት» ባለበት ሰዓት፣ ወደ ታች በቀረበ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጫፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ። እዚያው ይቆይ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ፤ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲጮህ መኪናውን እየያዘላችሁ ነው። የኮምቢ ማቀዝቀዣ ፋን ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ሲጮህ ራሱንም ያበርዳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ነው፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ይንፈስ። እግር ፍሬን ላይ አሳርፎ እየጎተቱ መውረድ ከፎሌ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋት ነው። በሁለተኛም ካልተያዘ አቁሞ አንደኛ ማስገባት ነው። ከኋላ የሚያጣድፍ ካለ ሰፋ ባለ ቦታ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት።

ባለቤትሽ አባይን ወርዶ አያውቅም አልሽ። እግረ መንገዱን የሚማርበት ቦታ አለ። እናትሽ ደብረ ሊባኖስን ሳይሳለሙ እንደማያልፉ እገምታለሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ መውረጃው አጭር ነው፣ ግን ቁልቁል ነው። በሁለተኛ ማርሽ ይውረደው። ታች ሲደርስ መኪናውን አቁሞ በየጎማው ይዙር፤ መዳፉን ሳያስነካ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋ። አራቱም ላይ ሙቀቱ ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ሸራው ተጣብቋል፤ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ እግር ጭራሽ እየያዘ አይደለም፣ የእሱን ሥራ ሌሎቹ ተሸክመውታል። እንደዚህ ያለ ነገር ከታየ ፍቼ ጋራዥ አለ። ሳይስተካከል ጎሃ ጽዮንን አትለፉ። የተቃጠለ ሸራ ሽታውም ይታወቃል፤ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም።

ከመነሳታችሁ በፊት አዲስ አበባ ላይ የሚሰራ አለ። የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ጨምሩበት አላልኩም፣ ይቀየር። አራቱም ታምቡር ይከፈት፣ ሸራውና የፍሬን ሲሊንደሮቹ ይታዩ። ቫልቩ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ይስተካከል። ዘይቱ ይቀየር፤ የዚህ ሞተር ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል ይሰማዋል፣ በየማቆሚያው በዲፕስቲክ እዩት።

ከሁሉም በላይ ግን የቤንዚን ጎማዎቹን አደራ እላለሁ። ከታንኩ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄዱት አጫጭር ጎማዎች ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ። ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የድሮ ቮልስዋገን የሚቃጠለው ከዚህ ነው፣ ከሞተሩ በላይ ደግሞ አልጋ አለ፣ አልጋው ላይ ልጆች ይተኛሉ። ጎማውን ጣት መሃል አድርጎ እጥፍ ማድረግ ነው፤ ላዩ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ሁሉም ይቀየር፣ በክላምፕ ይታሰር። ዋጋው ትንሽ ነው። የእሳት ማጥፊያም ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ይታሰር፤ ከጓዝ ስር አይቀበር።

ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ ማለቴ ነው፣ ሁለት ያዙ። በእናንተ ሞተር ዲናሞውንም ፋኑንም የሚያዞረው አንዱ ቺንጋ ነው። ቀይ የዲናሞ መብራት እየሄዳችሁ ከበራ «ቻርጅ ነው፣ ከተማ ስንደርስ እናያለን» አይባልም። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ፋኑ ቆሟል ማለት ነው፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይነክሳል። ወዲያው ዳር መያዝ፣ ማጥፋት። የሚፈታው በ21 ቁልፍ ነው፤ ፑሊው እንዳይዞር ጥርሱ ላይ ካቻቪቴ ይገባል። በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መሃል ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች እንዳይጠፉ፤ ማጥበቂያው እነሱ ናቸው፣ ከመሃል ሲቀነስ ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢገባ በቂ ነው። ባለቤትሽ ይህን ቤት ደጅ ላይ በብርሃን አንዴ ፈቶ ይግጠመው፣ አባትሽም አጠገቡ ይቀመጡ።

አሁን ወደ መውጫው። የ1600 ሞተር ጉልበት 50 ፈረስ አይሞላም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አንድ አስረኛ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ለምዶ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ አባይ ታች ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ ይሳሳበታል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል። ያ የጋለ ሞተር ነው እንግዲህ አቀበቱን የሚጀምረው። በሦስተኛ እያጓራ ከሚወጣ በሁለተኛ እየጮኸ ይውጣ፤ ፋኑ የሚነፍሰው ሲጮህ ነው። ተሳቢ ፊት ካለ አትቅደሙ፣ ርቀት ሰጥታችሁ ተከተሉት። ጉልበት ሲያጥረው፣ ወይም ሲቆም የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣ ደልደል ያለ ቦታ ዳር ይዛችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝቅታ አሰርታችሁ አጥፉት። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ውሃ ሞተሩ ላይ እንዳታፈሱ። ስትቆሙ ሁልጊዜ ለጎማው ታኮ አድርጉለት፤ ለዚህ የሚሆን እንጨት ከቤት ያዙ፣ በረሃው ላይ ድንጋይ ስትፈልጉ ጊዜ እንዳያልፍ።

«ጠዋት ተነስቶ ማታ ማርቆስ» ያሉት አባትሽ ያኔ ልክ ነበሩ። ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይገባል። ችግሩ እንደዚያ ስትነሱ አባይ የምትደርሱት ቀትር ላይ፣ በረሃው በተፋፋመበት ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ ብሆን ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስቼ፣ ደብረ ሊባኖስ ተሳልሜ፣ ጎሃ ጽዮን ቀን በብርሃን ገብቼ አድራለሁ። ከፍታው ጥሩ ነው፣ ሌሊቱን ታምቡሩም ሞተሩም ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል። በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መውረድ ይጀመራል። ፀሐይ ሳትበረታ ድልድዩን ትሻገራላችሁ፣ ሳይረፍድ ደጀን ናችሁ። ቁርስ እዚያ ነው። ማርቆስ ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ በሉማሜ በኩል፣ ሜዳ ሜዳውን።

ድልድዩ ላይ ማቆምም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው፣ ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በጃፓን እርዳታ የተሰራው አዲሱ 303 ሜትር ነው፤ አሮጌው ከጎኑ ይታያል፣ አባትሽ የተሻገሩት እሱን ነው። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ በመስኮት ምግብ እንዳይጥሉ፤ እየለመዱ መኪና ስር ይገባሉ።

ሞጣ

ጋሼ የደጀን ልጅ ደህና አድርገው ጽፈውታል። እኔ ለሞጣ መስመር ልከራከር። ከባህር ዳር በአዴት፣ ሞጣ፣ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና አድርጎ ደጀን መውጣት በማርቆስ ከመዞር ያጥራል። እናትና አባት ላላቸው ሰዎች ደግሞ ደብረ ወርቅ ማርያምን ሳያዩ ጎጃምን አየን ማለት ይከብዳል። ቢቸና ላይ ነጭ ጤፍ ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለት የተለያየ ጎጃም ማየት ነው፤ በአንድ መንገድ ሄዶ በዚያው መመለስ ምን ይረባል?

የደጀን ልጅ

ሞጣ፣ መኪናው አዲስ ቢሆን እኔም እንዳንተ እላለሁ። ለአሮጌ መኪና ግን መንገድ የሚመረጠው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ ሲበላሽ ማን ይደርስለታል ተብሎ ነው። በማርቆስ በኩል አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ቲሊሊ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መርዓዊ፣ ከተማ በከተማ ነው። ጎሚስታ የሌለበት የለም፣ የሕዝብ ማመላለሻውም አይቋረጥም፤ መኪናው ቢቆም እንኳ ሽማግሌዎቹን አሳፍሮ መላክ ይቻላል። እህታችን ስትመለስ መኪናው ምንም ካላስቸገራት ያን ጊዜ ባህር ዳር ላይ ይወስኑ። ደብረ ወርቅን እናቷ ከጠየቁ ግን እኔም እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።

ዘንገና

የእንጅባራ ሰው ነኝ። ሌላውን መካኒኩ ስለጨረሱት ስለ እኛ አገር ልናገር።

ጥር 23 መኝታ አይገኝም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ ነው፣ በዓሉ የጊዮርጊስ ዕለት ነው፣ ከየወረዳው ፈረሰኛው ይመጣል፣ እንግዳው ከአዲስ አበባም ከባህር ዳርም ነው። ለሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ክፍል ከአሁኑ ደውላችሁ ያዙ። እናንተና ልጆቹ መኪናው ውስጥ ማደር ትችላላችሁ፣ ግን የሆቴሉ ግቢ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ።

ብርዱ ከባድ ነው። ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ቆርቆሮው ውስጥ ቅዝቃዜው ከስርም ስለሚመጣ ፍራሹ ስር ሌላ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ከእኛ እስከ አዲስ ቅዳምና ዳንግላ መንገዱ ዳር የዲከረንስ ዛፍና የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ ታያላችሁ። ርካሽ ነው፣ ሰው ይገዛል፣ እናንተም ትገዙ ይሆናል። እባካችሁ፣ የተቀጣጠለ ከሰል መኪናው ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ፍም ብቻ ቀርቷል ብላችሁም አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም የከሰሉ መርዝ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ይጨርሳል። በእኛ አገር በዚህ የሞተ ሰው የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ሞተር አስነስቶ ለሙቀት ማደርም እንደዚያው ነው።

በዓሉ ላይ መኪናውን ሜዳው ድረስ አታምጡት፣ አፉን ወደ መውጫው አድርጋችሁ ርቃችሁ አቁሙት። ለእናትሽ ታጣፊ ወንበር ያዙላቸው። ልጆቹን ግን ፈረሶቹ ከሚጋልቡበት መስመር አርቁ፤ ጉግሱ ሲጀመር አቧራው መጥቶ ፈረሱን ይሸፍነዋል፣ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። የፈረሶቹን ጌጥ ለማየት የሚሻለው ከውድድሩ በፊት ጠዋት ነው፤ ያኔ ባለቤቶቹ ቆመው ሲያሰማምሩ ቢጠየቁ ያስነካሉ። አያቶቻቸው ዓድዋ የዘመቱበትን ፈረስ የሚያነሳሱ ሽማግሌዎችም ያኔ ነው የሚገኙት፤ አባትሽ አስተማሪ ከነበሩ ከእነሱ ጋር ይጨዋወታሉ።

ዘንገና ሐይቅ ከማርቆስ ስትመጡ እንጅባራ ሳትገቡ፣ ከአስፋልቱ አጠገብ ነው፣ አያመልጣችሁም። ዙሪያው ገደል፣ ውሃውም ጥልቅ ስለሆነ የ5 ዓመቱን ልጅ እጁን ያዙት።

የማርቆሷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የጻፉትን አባቴ ጮክ ብዬ እንዳነብለት አድርጎ ሰማ፤ ባለቤቴም ሰማ። የፎሌው ነገር አልቋል። ናቲ፣ ስለ ስጋትህ አመሰግናለሁ፤ ማታ አንነዳም።

ትናንት መኪናውን ጋራዥ አስገባነው። የቤንዚኑ ጎማ እንዳሉት ሲታጠፍ ተሰነጠቀ፣ ሁሉም ተቀየረ። የኋላው ግራ ታምቡር ሲከፈት ግን ውስጡ እርጥብ ሆኖ ተገኘ፤ ሲሊንደሩ ዘይት ያፈስሳል፣ ሸራውም ዘይት ጠጥቷል። መካኒኩ «ሸራውን በቤንዚን አጥቤ አስፋልት ላይ አስነካዋለሁ፣ ሲሊንደሩን የውስጡን ጎማ ብቻ ልቀይርለት» አለ። ይበቃል? ደግሞ በጀሪካን ቤንዚን ልንይዝ ነበር፣ ሰልፉ በዝቷል ስለሚሉ።

የደጀን ልጅ

አይበቃም። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም ሲግል ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ያ እግር መያዝ ይተዋል፣ መኪናው ወደ ሌላው ጎን ይስባል። አባይ ላይ ጠመዝማዛው ውስጥ ይህን አትፈልጉትም። ሸራው በሁለቱም የኋላ እግር ጥንድ ሆኖ ይቀየር፣ በአንዱ ብቻ አይሁን። ሲሊንደሩም ሙሉው ይቀየር፤ ውስጡ ዝገት ከበላው አዲስ ጎማ አይዝለትም። ግራው ካፈሰሰ ቀኙም እኩያው ስለሆነ እሱንም አብራችሁ ቀይሩት።

ቤንዚን በጀሪካን ልጆች በተቀመጡበት መኪና ውስጥ አይጫንም። በረሃው ሙቀት ጀሪካኑ ያብጣል፣ ትነቱም መኪናውን ይሞላል። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ባገኛችሁበት መሙላት ነው፤ ሰልፍ ካለ ተሰለፉ፣ እናትሽ በታጣፊው ጠረጴዛ ቡና ያፍሉ።

ሥራው ሲያልቅ አየሩ ከዋናው ሲሊንደር በጣም ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ይውጣ፤ በእናንተ መኪና የኋላው ቀኝ፣ ከዚያ የኋላው ግራ፣ ከዚያ የፊቱ ቀኝ፣ መጨረሻ የሹፌሩ በኩል ነው። ፔዳሉ መጀመሪያ እንደተረገጠ መጠንከር አለበት። ሁለቴ ሦስቴ ተረግጦ የሚጠነክር ከሆነ አየር ቀርቶበታል፣ ይደገም እንጂ አትነሱ።